ከመምህሩ ልብ ወደ ጠረጴዛው፦ የዩኒቨርሲቲ ትምህርትን በኮምፒዩተር የማቀድ ታሪክ

ልጅን ለዩኒቨርሲቲ ማብቃት ለአንድ ቤተሰብ የብዙ ዓመታት ድካም ፍሬ ነው። አባት ከዕለት ገቢው እየቆጠበ፣ እናት ከጓዳዋ እየቀነሰች፣ ታላቅ ወንድም የራሱን እያዘገየ ነው ያ ልጅ ለወግ የሚበቃው። ልጁ ከገባ በኋላ ግን ጥያቄአችን ያጥራል። «ስንት አመጣህ?» እንላለን፤ «መቼ ትጨርሳለህ?» እንላለን። በዚያ ግቢ ውስጥ የሚያሳልፈው ጊዜ እንዴት እንደተደለደለ፣ ምን ያህሉ በማዳመጥ፣ ምን ያህሉ በመሥራት፣ ምን ያህሉ በመወያየት እንደሚያልፍ የሚጠይቅ ወላጅ እምብዛም የለም። ለመሆኑ ይህን የሚወስነው ማን ነው? በምንስ መዝኖ?

ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ አንድ ስሌት ያሳየናል። ከ1999 የቦሎኛ ስምምነት ወዲህ በአውሮፓ በተስፋፋው የክሬዲት አቆጣጠር የአንድ ዓመት ሙሉ ትምህርት 60 ክሬዲት ነው። ይህም ከ1500 እስከ 1800 የሚደርስ የተማሪ የሥራ ሰዓት ማለት ነው። ሦስት ዓመት የሚማር ወጣት እንግዲህ ከ4500 እስከ 5400 ሰዓት ለመምህራኑ አስረክቧል። ይህን ያህል የወጣትነት ዕድሜ የተረከበ ሰው አማና ተቀብሏል፤ ሰዓቱን እንዴት እንዳዋለው ሊጠየቅም ይገባዋል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የዩኒቨርሲቲ መምህራን የትምህርት ዕቅዳቸውን ለማውጣትና ለማሻሻል ኮምፒዩተርን እንዴት መጠቀም እንደጀመሩ ነው። (ዓ.ም. ተብሎ ካልተጠቀሰ በቀር ዘመናቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ታሪኩ በከንቱ የቀሩ ትላልቅ ተስፋዎችና ሳይጠበቁ የተገኙ ትናንሽ ጥቅሞች ያሉበት በመሆኑ ለወላጅም ለመምህርም ትምህርት አለው።

ዕቅዱ በመምህሩ ልብ በነበረ ጊዜ

በአገራችን የቁርኣን ትምህርት ቤት ልጁ ከአሊፍ ባ ጀምሮ በለውህ ይቀራል። ቁርኣኑን ሲጨርስ ወደ ኪታብ ይሻገራል። ፊቅህ፣ ነሕው፣ ሰርፍ እያለ ደረሳው በየፈኑ የታወቀውን ሸኽ ፍለጋ ከአገር አገር ይዞራል። የትኛው ኪታብ ከየትኛው እንደሚቀድም፣ የትኛው ደረሳ ለየትኛው እንደደረሰ ሸኹ ያውቃል። ዕቅዱ ያለው በሸኹ ልብ ውስጥ ነው። ሸኹ እያንዳንዱን ደረሳ በስሙና በአቅሙ ስለሚያውቀው በወረቀት ያልሰፈረው ዕቅድ ሥራውን ይሠራል።

በአውሮፓና በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችም ነገሩ ከዚህ ብዙም የራቀ አልነበረም። ፕሮፌሰሩ ማስታወሻውን ይዞ ይገባል፤ የሚያውቀውን ይናገራል፤ ተማሪው ይጽፋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን የተማሪው ቁጥር በብዙ እጥፍ አደገ። መምህሩ ተማሪውን በስሙ የማያውቅበት፣ አንዱ መምህር ሌላው ምን እንዳስተማረ የማይሰማበት ዘመን መጣ። በልብ ያለ ዕቅድ ለሃምሳ ደረሳ ቢበቃም ለአምስት ሺህ ተማሪ አይበቃም።

በ1949 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ራልፍ ታይለር አንዲት አነስተኛ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያች መጽሐፍ ሥርዓተ ትምህርት የሚያወጣ ሰው አራት ነገሮችን እንዲመልስ ጠየቀ። ግባችን ምንድን ነው? ተማሪው ወደዚያ ግብ እንዲደርስ ምን ማድረግ ይኖርበታል? የሚያደርገውን በምን ቅደም ተከተል እናሰልፈው? ግቡን መምታቱንስ በምን እናውቃለን? በ1956 ደግሞ ቤንጃሚን ብሉምና ባልደረቦቹ የትምህርት ግቦችን ከማስታወስ አንስተው እስከ መመዘን ድረስ በደረጃ ከፋፍለው አቀረቡ። ከዚህ በኋላ በመጣው የትምህርት አስተቃቀድ ላይ እነዚህ ሁለት ሥራዎች ትልቅ ተጽዕኖ አሳድረዋል።

ማሽን መምህር ይሆናል የተባለበት ዘመን

የመጀመሪያው ምኞት ዕቅዱን ለማሻሻል ሳይሆን መምህሩን ለመተካት የቀረበ ነበር። በ1954 የሃርቫርዱ ቢ.ኤፍ. ስኪነር የማስተማሪያ ማሽኑን አስተዋወቀ። ማሽኑ ጥያቄ ያሳያል፤ ተማሪው ይመልሳል፤ ወዲያው ትክክለኛውን መልስ አይቶ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ትምህርት በጥቃቅን እርምጃ ተቆራርጦ በቅደም ተከተል ከተሰለፈ ማንም ሰው ሊማረው ይችላል የሚል እምነት ነበር።

ይህን እምነት ወደ ኮምፒዩተር ካሸጋገሩት ቀዳሚዎች አንዱ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በ1960 በዶናልድ ቢትዘር መሪነት የተጀመረው ፕላቶ የተባለው ሥራ ነው። ቀስ በቀስ አድጎ በ1970ዎቹ አጋማሽ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች በየፊናቸው በተቀመጡ መሣሪያዎች አማካይነት ከአንድ ትልቅ ኮምፒዩተር ጋር ይገናኙ ነበር። መምህራን ትምህርታቸውን ራሳቸው እንዲጽፉበት በማለትም ፖል ቴንዛር ቲውተር የሚባል የኮምፒዩተር ቋንቋ አዘጋጀ። ነገር ግን ለአንድ ሰዓት ትምህርት የሚፈሰው የዝግጅት ሰዓት እጅግ ብዙ ነበር። መምህሩ ሙያውን ከማስተማር ይልቅ ማሽኑን በመመገብ ተጠመደ።

በፕላቶ ውስጥ ግን ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር ሆነ። በ1973 ዴቪድ ዉሊ የተባለ ወጣት ተጠቃሚዎች የሥራ ችግራቸውን የሚጽፉበት «ኖትስ» የተሰኘ ፕሮግራም ሠራ። ሰዎቹ በዚያች ሰሌዳ ከችግራቸው አልፈው እርስ በርሳቸው መጠያየቅና መከራከር ጀመሩ። ሰውን ለብቻው ለማስተማር የተሠራው ማሽን ሰዎች የሚገናኙበት አደባባይ ሆነ። ይህ ነገር ወደፊት በተደጋጋሚ ስለሚገጥመን አንባቢ በልቡ ይያዘው።

ዕቅዱን ገልጦ ማስቀመጥ

ከማሽኑ ይበልጥ ሥርዓተ ትምህርትን የለወጠው በእንግሊዝ አገር የተቋቋመው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ነው። ተቋሙ የንጉሣዊ ቻርተሩን ያገኘው በ1969 ሲሆን በ1971 ከሃያ ሺህ በላይ ተማሪዎችን ይዞ ሥራ ጀመረ። ተማሪዎቹ በየቤታቸው፣ በየፋብሪካቸውና በየማጀታቸው የሚገኙ ሰዎች ነበሩ። ትምህርቱ የሚደርሳቸው በፖስታ በሚላክ መጽሐፍ፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ነው።

እዚህ ላይ መምህሩ ዕቅዱን በልቡ ይዞ መቆየት አልቻለም። ክፍል ገብቶ የተማሪውን ፊት እያየ የሚያስተካክለው ነገር የለምና በዓመቱ የሚሰጠው ሁሉ አስቀድሞ ተጽፎ መታተም ነበረበት። በመሆኑም አንድን ኮርስ አንድ ሰው ብቻውን አያዘጋጀውም ተባለ። የሙያው መምህራን፣ አርታዒዎች፣ የቢቢሲ ፕሮግራም አዘጋጆችና የማስተማር ዘዴ አዋቂዎች በአንድነት የሚቀመጡበት «የኮርስ ቡድን» ተቋቋመ። አንዱ የጻፈውን ሌላው ያነባል፤ ይተቻል፤ ያርማል። አንድ ፕሮፌሰር የጻፈው ምዕራፍ በባልደረቦቹ ፊት ቀይ ቀለም ሲያርፍበት ማየት ቀላል አልነበረም። ከዚያ ክርክር የወጣው መጽሐፍ ግን ከማንኛቸውም ብቸኛ ሥራ የተሻለ ነበር።

የታሪካችን ዋና ቁም ነገር ያለው እዚህ ነው። ዕቅድ ከልብ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሌላው ሰው ሊያየው ይችላል፤ የሚታይ ነገር ደግሞ ይመዘናል፤ የተመዘነ ነገር ይሻሻላል። ከዚህ በኋላ የመጡትን ፕሮግራሞች ልንለካቸው የሚገባን በዚህ ነው።

ትልቁ ቋንቋና ትንሹ ሥዕል

በ1990ዎቹ መጨረሻ ኢንተርኔት ሲስፋፋ ዩኒቨርሲቲዎች ጽሑፎቻቸውን ወደ ኮምፒዩተር መጫን ጀመሩ። የአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. የኮርስ ጽሑፎቹን ለዓለም በነፃ እንደሚከፍት በ2001 አስታወቀ። በ2002 ደግሞ አውስትራሊያዊው ማርቲን ዱጊያማስ ሙድል የተባለውን ነፃ ፕሮግራም የመጀመሪያ እትም አወጣ። እነዚህ ለማከማቸትና ለማሰራጨት ጠቃሚ ነበሩ። ነገር ግን ጥሩ መደርደሪያ ያለው ሰው ሁሉ ጥሩ መጽሐፍ አለው ማለት አይደለም። ተማሪው በጽሑፉ ምን ያደርግበታል የሚለው ጥያቄ እንዳለ ነበር።

ይህን ጥያቄ በድፍረት ያነሱት በሔርለን ከተማ የሚገኘው የኔዘርላንድስ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው። በሮብ ኮፐር መሪነት ማንኛውንም ዓይነት የማስተማር ዘዴ ሊገልጽ የሚችል የኮምፒዩተር ቋንቋ አዘጋጅተው በ2000 ይፋ አደረጉ። ይህንኑ መሠረት ያደረገ ዓለም አቀፍ መለኪያም በ2003 ጸደቀ። አሠራሩ ከቲያትር የተወሰደ ነበር። ትምህርቱ እንደ ተውኔት በገቢር ይከፈላል፤ መምህሩና ተማሪው የየራሳቸው ሚና አላቸው፤ እያንዳንዱ ሚና በየገቢሩ የሚሠራው ሥራና የሚሠራበት ቦታ ይወሰናል። አሳቡ ያማረ ነበር። አንዴ የተጻፈውን ዕቅድ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ወስዶ በራሱ ኮምፒዩተር ሊያስኬደው ይችላል ተባለ።

ይሁን እንጂ ቋንቋው ለመሐንዲስ እንጂ ለመምህር የሚመች ሆኖ አልተገኘም። ሁሉን ለመግለጽ ሲባል እጅግ ተወሳሰበ። ተመራማሪዎች ብዙ ጻፉበት፤ ተራው መምህር ግን ሳይለምደው ቀረ።

በሲድኒ ከተማ የማኳሪ ዩኒቨርሲቲው ጄምስ ዳልዚል ያንኑ አሳብ ይዞ አቀለለው። ላምስ በተባለው ፕሮግራሙ መምህሩ «ንባብ»፣ «ውይይት»፣ «የቡድን ሥራ»፣ «ጥያቄ» የሚሉትን ሣጥኖች በመዳፊት እየጎተተ በቀስት ያያይዛቸዋል። ፕሮግራሙ በ2005 ለሁሉም በነፃ ተለቀቀ። ዕቅዱ በአንድ ገጽ ሥዕል ሆኖ ስለሚታይ ባልደረባ መጥቶ «ከዚህ ንባብ በኋላ ለምን ወዲያው ፈተና? በመካከሉ ቢወያዩስ?» ሊል ቻለ። መምህራንም የሠሯቸውን ሥዕሎች እርስ በርስ መለዋወጥ ጀመሩ።

የክቡ ሥዕልና የወረቀት ካርዶቹ

ይህን ጉዞ ወደ ፍሬ ካደረሱት ሰዎች አንዷ በለንደን የምትሠራው ፕሮፌሰር ዳያና ሎሪላርድ ናት። በ1993 ስለ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ባሳተመችው መጽሐፍ መማር በመምህርና በተማሪ መካከል የሚደረግ የማያቋርጥ ምልልስ መሆኑን አስረድታ ነበር። ከ2008 ጀምሮ ከባልደረቦቿ ጋር በሠራችው ምርምር ይህ አሳብ ወደ ኮምፒዩተር ገባ። «ለርኒንግ ዲዛይነር» የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የዚያ ፍሬ ነው።

አሠራሩን ማንም ሊረዳው ይችላል። ተማሪ የሚማርባቸው መንገዶች በስድስት ይከፈላሉ። እነርሱም በማዳመጥና በማንበብ መቀበል፣ ራስ መመርመር፣ መለማመድ፣ መወያየት፣ በኅብረት መሥራትና አንድ ነገር ሠርቶ ማቅረብ ናቸው። መምህሩ በሳምንቱ ተማሪው የሚያደርገውን ሁሉ በደቂቃ እየለካ ያስገባል። ፕሮግራሙም ሰዓቱን በስድስት ቀለም የተከፋፈለ ክብ ሥዕል አድርጎ ያሳየዋል።

ለምሳሌ አንድ መምህር በሳምንት አሥር ሰዓት ይወስዳል ብሎ ያሰበው ትምህርት አለው እንበል። ራሱን ሲጠይቁት «ተማሪዎቼን አወያያለሁ፤ አሠራለሁ» ይላል። ሰዓቱን ሲያስገባ ግን ሰባቱ ማዳመጥና ማንበብ፣ ሁለቱ ልምምድ፣ አንዱ ብቻ ውይይት ሆኖ ክቡ በአንድ ቀለም ይሞላል። ማንም አልወቀሰውም፤ ያስገባው ቁጥር ራሱ ነገረው። ሁለት ሰዓት ንግግር ቀንሶ ተማሪው መርምሮ የሚያመጣውን ሥራ ሲጨምር ሥዕሉ ወዲያው ይለወጣል።

እጅግ የሚያስደንቀው ግን ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ነው። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ክላይቭ ያንግና ናታሻ ፔሮቪች እነዚያኑ ስድስት መንገዶች ወስደው በ2014 እና 2015 አካባቢ ከኮምፒዩተሩ አወጧቸውና በወረቀት ካርድ ላይ አተሟቸው። «ኤቢሲ» በተባለው በዚህ ዘዴ የአንድ ኮርስ መምህራን ለዘጠና ደቂቃ አንድ ጠረጴዛ ይከባሉ። መጀመሪያ ኮርሳቸውን በአጭር ዓረፍተ ነገር እንዲገልጹት ይጠየቃሉ። እዚሁ ላይ ክርክር ሊነሣ ይችላል፤ አንድ ኮርስ አብረው ያስተማሩ ሰዎች ኮርሱ ስለምን እንደሆነ አለመስማማታቸውን በዚያች ዓረፍተ ነገር ሊያውቁ ይችላሉ። ከዚያ ካርዶቹን በሳምንት በሳምንት እየደረደሩ፣ እያነሱና እየጣሉ ኮርሱን እንደገና ያቅዱታል። የተስማሙበት ወደ ኮምፒዩተር የሚገባው በመጨረሻ ነው። ዘዴው ወደ ብዙ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ተዛምቷል።

አንባቢ ሆይ፣ ልብ በል! በብዙ ወጪ የተሠራው ውስብስብ ቋንቋ በመደርደሪያ ሲቀር መምህራንን ፊት ለፊት ያስቀመጠው ካርድ ሠራ። ለሰው የሚያስብለት መሣሪያ ተረሳ፤ ሰው ከሰው እንዲመክር ያደረገው ቀጠለ።

151 ኮርሶች ምን ተናገሩ?

ይህ ሁሉ ድካም ለተማሪው ጠቀመው ወይ? ኦፕን ዩኒቨርሲቲ የኮርሶቹን ዕቅድ በተማሪው የሥራ ዓይነት እየከፋፈለ መዝግቦ ነበርና ባርት ሪንቲስና ሊሴት ቱቴኔል በ2016 ባሳተሙት ጥናት ይህንን መረመሩ። 151 ኮርሶችን፣ ከ111 ሺህ በላይ ተማሪዎችን አዩ።

ያገኙት ነገር እያንዳንዱን መምህርና ወላጅ ሊያሳስብ የሚገባ ነው። ንባብና ማዳመጥ የበዛባቸውን ኮርሶች ተማሪዎች ይበልጥ ወደዷቸው። ተማሪዎች ሳያቋርጡ ከመዝለቃቸው ጋር በይበልጥ ተያይዞ የተገኘው ግን ከሌሎች ጋር የመነጋገርና የመወያየት ሥራ ድርሻ ነው። መደሰትና መዝለቅ አብረው አልሄዱም። ተማሪው ያመሰገነው ኮርስ ሁሉ ተማሪውን ይዞ የሚያቆየው አልነበረም ማለት ነው።

እርግጥ አንድ ነገር ከሌላው ጋር አብሮ መገኘቱ መንስኤው ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። የክቡ ሥዕልም ውይይቱ ስንት ደቂቃ እንደሆነ እንጂ ፍሬ ያለው ይሁን አይሁን አይነግረንም። «ትምህርት በሰዓት አይለካም፤ ማስተማርን የሒሳብ መዝገብ አታድርጉት» የሚሉ መምህራን ስላሉ አሳባቸውም ተገቢ ቦታ ሊሰጠው ይገባል። አንድ በሳል መምህር በአሥር ደቂቃ ንግግር የሚያበራውን ካርድ ሊመዝነው አይችልም። ነገር ግን ሚዛን ሁሉን አይመዝንም ተብሎ ሚዛን አይጣልም። ነጋዴ የእህሉን ጣዕም ባይመዝንም ኪሎውን መመዘን ግዴታው ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ

በኢትዮጵያ የዩኒቨርሲቲ ሥርዓተ ትምህርት በአንድ ትውልድ ዕድሜ ብዙ ጊዜ ተገለባብጧል። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲን ተከትሎ የዲግሪ ትምህርት ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በአብዛኛው ከአራት ዓመት ወደ ሦስት ዓመት አጠረ። በ2000ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ኮርሶች በሞጁል እንዲደራጁ ተደርጎ ከአውሮፓው ጋር የሚመሳሰል የክሬዲት አቆጣጠር ገባ። በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ተመልሶ ዲግሪው እንደገና አራት ዓመት ሆነ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የመውጫ ፈተና በስፋት መሰጠት ጀመረ።

በእያንዳንዱ ለውጥ ኮርስ ይቀነሳል ወይም ይጨመራል፤ ስም ይለወጣል፤ ሰዓት ይደለደላል። ዓመት ሲጨመር ጥያቄው «የትኛውን ኮርስ እንጨምር?» ብቻ ከሆነ ተማሪው በሦስት ዓመት ያዳምጠው የነበረውን በአራት ዓመት ያዳምጣል። ጥያቄው «በተጨመረው ሰዓት ተማሪው ምን ይሠራል?» ከሆነ ግን አራተኛው ዓመት ትርጉም ይኖረዋል። ለዚህ ደግሞ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ከላይ የጠቀስናቸው ለርኒንግ ዲዛይነርም ሙድልም በነፃ የሚገኙ ናቸው። መብራት ወይም ኢንተርኔት በሌለበትም ስድስት ቀለም ወረቀት፣ መቀስና ዘጠና ደቂቃ ይበቃሉ። የሚያስፈልገው ዕቅዱን በባልደረባ ፊት ለመዘርጋት የሚደፍር መምህርና «ይህስ?» ብሎ ሲጠየቅ የማይቆጣ ኃላፊ ነው።

አዲሱ ፈተና

ከኅዳር 2022 ወዲህ፣ ቻት ጂፒቲ ለሕዝብ ከቀረበ በኋላ፣ ነገሩ መልኩን ቀይሯል። ዛሬ አንድ መምህር የኮርሱን ርዕስ ብቻ ጽፎ የአሥራ አምስት ሳምንት ዕቅድ ከነግቡ፣ ከነጥያቄው በጥቂት ሴኮንድ ማግኘት ይችላል። ጽሑፉም ያማረና የተሟላ ይመስላል።

ይህ ለደከመው መምህር እፎይታ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን እስካሁን ያየነው ታሪክ ምን ነገረን? ኮርስ የተሻለው ዕቅድ በፍጥነት ስለተጻፈ ሳይሆን ሰዎች ስለተከራከሩበት ነበር። ማሽኑ የጻፈው ዕቅድ ያንን ጠረጴዛ ካስቀረ ወደ መነሻችን ተመልሰናል። እንዲያውም ከመነሻው ይብሳል፤ ድሮ ዕቅዱ ቢያንስ በአንድ መምህር ልብ ውስጥ ነበር፣ አሁን በማንም ልብ ውስጥ የለም። ማሽኑ የሰጠው ረቂቅ ለክርክር መነሻ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ከተዘረጋ ግን ጥሩ አገልጋይ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ልጆቻችን ለዕረፍት ወደ ቤት ሲመለሱ ከ«ስንት አመጣህ?» ቀጥለን «በዚህ ሳምንት ምን ሠራህ? ከማን ጋር ተከራከርክ? ሠርተህ ያቀረብከው ምንድን ነው?» ብለን እንጠይቃቸው። መልሳቸው «መምህሩ ተናገረ፤ እኔ ጻፍኩ» ብቻ ከሆነ ከእነዚያ ሺህ ሰዓታት ብዙው ምን ላይ እንደዋለ እናውቃለን። መምህር የሆንን ደግሞ ጥያቄው ከወላጅ እስኪመጣ አንጠብቅ። ዕቅዳችንን ከልባችን አውጥተን ጠረጴዛው ላይ እናስቀምጠው፤ ባልደረባችንም ይየው። ወላሁ አዕለም።